አራተኛዋ መብራት

ያን ረቡዕ ጠዋት በርሜል ውስጥ ነበርኩ። አትሳቂ የልጅ ልጄ፣ ግማሽ ገላዬ በርሜል ውስጥ ነበር። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ያን ሳምንት አምስት ቀን ጠፍቶ ሰነበተና ጎህ ሲቀድ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ "ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ! ተነሺ!" ብላ ጮኸችልኝ። ቧንቧው ገና ያፏጫል፤ ውሃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ አየሩን ነው የሚተፋው። ቶሎ ብዬ በርሜሉን አጋደምኩ፣ ጭንቅላቴን አስገባሁና ከታች የተኛውን ደለል እፈትግ ጀመር። በርሜል ውስጥ ያለ ሰው ማልቀሱ አይታይበትም። ለዚያ ነው ያልቸኮልኩት።

"እማዬ፣ በርሜሉን ልትበሺው ነው እንዴ? ይበቃዋል፣ ውጪ! ውሃው ሊሄድ ነው!" አለችኝ ልጄ።

የመጨረሻ ልጄ ናት፣ አንቺ አክስቴ የምትያት። ሻንጣዋ ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ በሩ ጥግ ቆሟል። በማግስቱ ሐሙስ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው። ስሙን አጥርቼ የማልጠራው የሩቅ ምሥራቅ አገር፣ በተማረችው በኮምፒውተሩ ሥራ አግኝታለች። አገር ምድሩ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። እኔ ግን ፈርቼአለሁ። የፈራሁትም ለሌላ አይደለም፤ ግድግዳዬ ላይ ካሉት መብራቶች አራተኛዋ ስምንት ወር ሙሉ አልበራችም።

መብራቱ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር፣ አለዚያ አሮጊቷ ጃጀች ይባላል።

ባሌ ከሞተ በኋላ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አከራየኋት። መጀመሪያ የያዛት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። የሚሠሩበትን ክፍል ላብ ይሉታል፤ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያነጋግሩበት ነው። ኋላ ልጄም እዚያው ስትሠራ፣ አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ላደርስላት ገብቼ አይቼዋለሁ። የሸማኔ ቤት ነው የመሰለኝ። ሰማያዊ ክር፣ ቢጫ ክር፣ ከወለል እስከ ጣራ ተወጥሯል። ደግሞ ውስጡ ብርድ ነው። አዳማ እንዲህ በምትቃጠልበት ቀን እነሱ ጃኬት ለብሰው ይቀመጣሉ። ማሽኑ እንዳይሞቀው ነው አሉኝ። ለሰው ያልተደረገ ለማሽን ይደረጋል እያልኩ ወጣሁ።

ያ የመጀመሪያው ተከራይ ሥራ አግኝቶ ሲወጣ ቁልፉን ለኔ አልመለሰም። እዚያው ላብ ለምትሠራ ልጅ ሰጣት። እሷም ስትወጣ ለሚቀጥለው ሰጠች። እኔን ማን ጠየቀኝ? ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ለቤቴ ደላላ አስፈልጎኝ አያውቅም። ልጄም በነሱ እግር ነው ያደገችው። ተማሪ ሳለች የጓሮዋ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣ የሚሠሩትን ስታይ ትውላለች፤ ኋላ ራሷ እዚያው ላብ ተመራማሪ ሆነች።

እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ከቤቴ የወጣ ሰው ሁሉ ያስጨንቀኛል። ደርሷል? በልቷል? መኪናው ተገልብጦ ይሆን? ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስልክ ለመደወልም ልጄን ነው የምለምን። "ደውይልኝ ለዚያኛው፣ ደውይልኝ ለዚያችኛዋ" ስል መዋል ነው። አራተኛው ተከራይ ሰለቸው መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ጣውላ ተሸክሞ መጣ።

ይሄ አራተኛው የመቂ ልጅ ነው። እናቱ የሰው ሽንኩርት እየለቀመች ነው ያስተማረችው። ቀጭን፣ ነገረኛ፣ አፉ የማያርፍ። እኔን ማዘር ነው የሚለኝ። ጣውላውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ቸነከረና መብራት ተከለበት፣ የአተር ፍሬ የምታካክል መብራት።

"ማዘር፣ ይሄ ጣውላ በርሽ ነው በይ" አለኝ። "እኛ ስንሄድ ክብሪት ቤት የምታክል ዕቃ ይዘን እንሄዳለን። የደረስንበት አገር ስንሰካት ከዚያ ሆና በርሽን ታንኳኳለች። ሌት ተቀን አትደክምም። ስታንኳኳ ያንቺ መብራት አረንጓዴ ይበራል። ካላንኳኳች ይጠፋል።"

"ሲጠፋ ሞታችኋል ማለት ነው?"

"ኧረ ማዘር! ኤሌክትሪክ ሄዷል ማለት ነው! ደግሞ አንቺ፣ ቀብረሽን ልታርፊ ነው?"

ቀድመው ለወጡት ለሦስቱም ዕቃዋን አደላቸው፤ ሁሉም ማሉ። ማንም ሰው የሄደበት ሲደርስ፣ ሻንጣውን ሳይፈታ፣ ጫማውን ሳያወልቅ የኔን በር ሊያንኳኳ። ያ ልጅ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ "እኛ ላብ ውስጥ ሰው ቢሳሳት፣ ዕቃ ቢያቃጥል ምንም አይባል። ያልደረሰን መልእክት ደረሰ ያለ ግን ወዮለት።" እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወር የደከመበትን ሥራ፣ ደርሷል ያለው መልእክት አለመድረሱን ባወቀ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀው በገዛ እጁ ጣለው። ያን ቀን ራት አልበላም። ልጄ ናት የነገረችኝ። ይሄንን ያዢልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

የመጀመሪያዋ መብራት ሞጆ ናት። የመጀመሪያው ተከራይ ደረቅ ወደብ ገባ። ላብ ሳለ መልእክት በየትኛው መንገድ ቢሄድ ይፈጥናል እያለ ነበር የሚያጠናው። አሁን የከባድ መኪና ሰልፍ መሃል ካሜራና ኮምፒውተር ሲያገናኝ ይውላል። "ማዘር፣ ያኔም መንገድ ነው፣ አሁንም መንገድ ነው፤ አሁን የሚሰድበኝ ሾፌር ተጨመረ እንጂ" ይለኛል። ሁለተኛዋ ቆቃ ናት፣ ግድቡ ጋ። ኤሌክትሪክ ከሚመነጭበት ደጃፍ ተቀምጣ ከሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋው የሷ ነው። ልጆቹ ይስቁባታል፤ እኔ ግን በጠፋች ቁጥር ጉማሬ ረገጣት እላለሁ። ሦስተኛው ባቱ አበባ እርሻ ገባ። አበባው ሲጠማው ለኮምፒውተር የሚናገር ሽቦ አፈር ውስጥ ይቀብራል። እናቱ "ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ አትክልተኛ ሆነ" ብላ አልቅሳለች አሉ። አሁን ግን አበባ ሲያመጣላት ትስቃለች።

ጠዋት ስነሳ ከጸሎት በፊት ጣውላውን ነበር የማየው፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። በርቶ ሳየው እተነፍሳለሁ።

ኋላ የላቡ ፕሮጀክት አለቀ። ፕሮጀክት የሚሉት ነገር እንደ ክረምት ነው፤ ሲኖር ሁሉ ይለመልማል፣ ሲያልቅ ሁሉ ይበተናል። ልጄም ቤት ዋለች። የመቂው ልጅ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲመላለስ ከረመና አንድ ቀን በስልኩ ደብዳቤ መጣለት። ከሩቅ ምሥራቅ ነው። "የጻፍከውን ጥናት አንብበነዋል፣ የምንፈልገው እንዳንተ ያለውን ነው" ይላል። ተመራማሪን ጥናትህን አነበብኩልህ ካልሽው አለቀለት፤ እግሩ መሬት አይነካም።

ዝም ብለው ግን አላመኑም። እሱ፣ ልጄና የሞጆው ሆነው ጓሮ ተቀምጠው ሙሉ ቀን የኩባንያውን ኮምፒውተር ከሩቅ ሲመረምሩ ዋሉ። ፈጣን ነው አሉ። ጠንካራ ነው፣ ሌባ አይገባበትም፣ አዋቂ የሠራው ነው አሉ።

"ማዘር፣ እንዲህ ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ኩባንያ የውሸት ሊሆን አይችልም" አለኝ የሞጆው።

"ሰዎቹንስ የሚያውቅ አለ?" አልኩ።

"ሰዎቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ? ሥራቸው ይናገር የለ!"

ስሕተቱ ይኸው ነው። የሰዎቹን ኮምፒውተር መረመሩ፣ ሰዎቹን አልመረመሩም። እኛ ያልተማርነው እንኳ የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ከማን ቤት ወጣሽ፣ ማን ያውቅሻል እንላለን። እነሱ ግን ሽቦው ካማረ ባለቤቱም ያማረ መሰላቸው።

ሲሄድ አራተኛዋን መብራት ራሱ ተከላት፣ ጥጉ ላይ።

"ጫማህን ሳታወልቅ" አልኩት።

"ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ማዘር። በእናቴ ሽንኩርት!" አለና ሳቀ። መሐላው ይቺ ነበረች። እናቱን ሲያከብር ሽንኩርቷን ይጠራል።

ሄደ። አንድ ቀን ሆነው፣ ሦስት ቀን ሆነው፣ ሳምንት ሆነው። መብራቷ አልበራችም። ለልጄ ግን በስልኳ ይጽፋል። ደርሻለሁ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ምግቡን ለመድኩት ይላል። ይጽፋል እንጂ አይደውልም። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ!

ለሁሉም ተናገርኩ። የሞጆው ሳቀብኝ። "ማዘር፣ ትልቅ ኩባንያ በሩ ላይ ዘበኛ አለው አይደል? ሽቦውም ላይ ዘበኛ አለው። የማያውቀውን ዕቃ አያሳልፍም" አለ። የቆቃዋ ዕቃዋ ሻንጣ ውስጥ ተሰብራ ነው አለች። የባቱው የዚያ አገር ሶኬት ከኛ ይለያል አለ። ሁሉም ያለው ሊሆን የሚችል ነገር ነው። የተማረ ሰው ለጨለማም ምክንያት አያጣለትም። እኔ ምክንያት የለኝም፤ ያለኝ ፍርሃት ነው። ሰው በፍርሃት ይከራከራል? ተውኩት። ብቻ ሳሎን በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጥጉ ይሄዳል፤ ጥቁር ናት።

ስምንተኛው ወር ላይ ለልጄ ጻፈላት። ክፍት ቦታ አለ፣ ስላንቺ ተናግሬአለሁ፣ ትኬቱን ኩባንያው ይልካል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሽሮ ስሠራ አሳርራለሁ። አትሂጂ ልላት አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። ምክንያቱም አንድ ጊዜ በውሃ ፈረቃ ቀን ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ "እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት በርሜል ልሞላልሽ ነው?" ብላኛለች። ቃሏ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ጓደኞቿ ሁሉ የየራሳቸው መብራት አላቸው፤ እሷ ብቻ ቤት ቁጭ ብላ የሰው መብራት ታያለች። በምን አፌ ነው የማስቀራት? አንዲት ጥቁር አምፖል አሳይቼ?

እሁድ ቸርች ወሰድኳት። እህቶች ከበው ጸለዩላት። "ጌታ በር ከፍቶላታል፣ ማንም አይዘጋውም" እያሉ። አሜን አልኩ። አፌ አሜን ሲል ዓይኔ የሚያየው ያቺን ጥቁር መብራት ነው። አንዷ ጠጋ ብላ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ? በረከቱን አትቀበይም እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለጌታም መናገር ፈራሁ።

ማክሰኞ የሞጆው መጥቶ ጣውላው ላይ አምስተኛ ቀዳዳ በሳላት። መሰርሰሪያው ሲጮህ የሚበሳው ጥርሴን መሰለኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ በርሜል ውስጥ የከተተኝ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ በርሜሉ ሞላ፣ ጀሪካኑም ሞላ። ልጄ እኔ ስሄድ አይቸግርሽ ብላ ድስቱን ሳይቀር ውሃ ሞላችው። ድስቱን ሳይ አልቻልኩም። ቀሚሴ ከእርጥበቱ ሳይደርቅ ሳሎን ገባሁና ሻንጣዋ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ተነሺ፣ ጎማው ይሰበራል።"

"ይሰበር።"

"ምን ሆነሻል? ሰው ያየናል እኮ።"

"ይየን። የመቂውን ልጅ አንድ ነገር ጠይቂልኝና እነሳለሁ። መብራቴን ለምን አላበራህልኝም በይው።"

"ስንት ጊዜ ነገርኩሽ! ሽቦው ላይ ዘበኛ..."

"ይሄን ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የሞጆውም ብሎኛል፣ የቆቃዋም ብላኛለች። ራሱን ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም።"

እውነቴን ነበር። ስምንት ወር ሁሉም ለኔ መልስ ሲሰጥ፣ ከዚያ ልጅ መልስ የጠየቀ አልነበረም። ነገሩ ትንሽ መስሏቸዋል፤ የአሮጊት መጫወቻ።

"ታሳፍሪኛለሽ" አለችና ስልኳን አወጣች። የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "እማዬ መብራቴን ለምን አላበራልኝም ብላ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣለች። ምን ልበላት?" ስትጽፍ እየሳቀች ነው።

ጠበቅን። ውጭ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ስልኩ ጮኸ። አነበበችው፣ ድምፅዋን ሳታወጣ። ከዚያ እንደገና፣ አሁን ለኔ። "ማዘርን ሳሚልኝ። መብራቷንማ የደረስኩ ዕለት ጫማዬን ሳላወልቅ አብርቼላታለሁ። አንድ ቀን ጠፍታ አታውቅም በያት።"

ሁለታችንም ወደ ጣውላው ዞርን። ሞጆ በርታለች። ቆቃ በርታለች። ባቱ በርታለች። ጥጉ ላይ ያለችው እንደ ሞተ ሰው ዓይን ነች።

"ሌላ ሰው ይሆናል የሚጽፈው" አለች ልጄ። ሳቋ የት እንደገባ እንጃ። ስልኳን ወደ ፊቷ አስጠግታ ጻፈች። "የቷ ነበረች ያንተ? እማዬ ረስታለች።"

ወዲያው መለሰ። "ጥጉ ላይ ያለችው፣ አራተኛዋ። በእናቴ ሽንኩርት፣ በርታለች።"

ልጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ራሱ ነው፣ ሌላ ሰው ያቺን መሐላ ከየት ያውቃታል? ጣውላውን የሠራው እሱ ነው። ዕቃዋን ሰክቶ እንደማያውቅ ያውቃል፤ እኛ ፊት ለፊቷ ቆመን እንደምናያትም ያውቃል። ያልደረሰን ደረሰ ከማለት የወር ድካሙን የሚጥል ልጅ፣ ዛሬ ደረሰ አለ።

"እማዬ" አለች፣ "አጠገቡ ሰው አለ። የሚጽፈውን የሚያነብበት ሰው አለ። ይዘውታል፤ ካላስመጣሃት ወዮልህ ብለውት ነው። ውሸት መሆኑን እኛ ብቻ የምናውቀውን ነገር መርጦ ነው የነገረን። አትምጪ እያለኝ ነው።"

በሩን ሄጄ ዘጋሁ። ለምን እንደዘጋሁት እንጃ፤ ሰዎቹ ከባሕር ማዶ አይገቡብኝ። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው በሹክሹክታ ነው፣ ስልኩ የሚሰማን ይመስል። "ጠፍታለች እንዳትዪው" አልኳት በጆሮዋ። "ካልሽው ያውቁበታል። በርታለች በይው።"

"መዋሸት አልችልም፣ እጄ እንቢ አለኝ።"

"እሱ ችሎ የለ! ጻፊ!"

ጻፈች። "አዎ በርታለች። የእማዬ ዓይን ደክሞ ነው። ደግሞ ዛሬ በጠና ታማብኛለች፣ ነገ መምጣት አልችልም።" ስትልከው ዓይኗን ጨፈነች።

እንደዚያች ያለች ሰዓት አላውቅም። ሁለት ልጅ ወልጄ ቀብሬአለሁ፣ ባል ቀብሬአለሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ልጄ ቀረችልኝ፤ ግን በእሷ መቅረት እሱን ምን ያደርጉት ይሆን? አንዱን ልጅ ሳወጣ ሌላውን እየከተትኩ መሰለኝ። ሻንጣው ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬ ደነዘዘ። ጸሎትም አልመጣልኝ። አንተ ታያለህ፣ አንተ ታያለህ፣ እሱን ብቻ ነበር የምለው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሦስት ቃል ናት። "ከአጠገቧ እንዳትርቂ፣ አደራ።" ሌላ የለም።

የሞጆው ያን ዕለት ሥራውን ጥሎ መጣ። አልሳቀም። ጣውላው ፊት ቆሞ ጥቁሯን መብራት ሲያያት ቆየና "ማዘር፣ ስምንት ወር ነግረሽኝ ነበር" አለ። ውሃ ሰጠሁት። ከላቡ አለቃ ጋር ሆነው መልእክቱን ሁሉ አሰባስበው ለመንግሥት ቢሮ አመለከቱ። ተመዝግቧል፣ ይጣራል ተባሉ። ደጋግመው ይሄዳሉ፤ እስካሁን ይሄዳሉ።

ቅዳሜ እኔና ልጄ መቂ ወረድን። ለእናቱ መንገር የኔ ነው አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደረድር ሄድኩ፤ ስደርስ አንዱም የለም። ሴትየዋ ዛፍ ጥላ ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቀይ ሽንኩርት ትመርጣለች፣ የበሰበሰውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ደላላው ቶሎ በሉ ይላል። አየችኝ። የልጇ አከራይ መሆኔን ታውቃለች። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ እጇን አላቆመችም።

"አጥፍቶ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ልጅሽ ምን ያጠፋል። ልጄን አተረፈልኝ" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። በአማርኛ ያጠረኝን ልጄ በኦሮምኛ ሞላችልኝ።

ሳትጮህ ሰማችኝ። "እኔ ማንበብ አላውቅም" አለች። "ለኔ ድምፁን ነው የሚልክልኝ። ደህና ነኝ እናቴ ይላል፣ በላሁ ይላል። ድምፁ ቀጥኖብኝ ነበር። ጎረቤት ስጠይቅ ስልኩ ነው አሉኝ። እኔም ስልኩ ነው አልኩ።" ከዚያ ከፊቷ ካለው ክምር አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት አነሳችና ደህናው ውስጥ ጣለችው። አይታ መለሰችው። በሌላውም እንዲሁ ተሳሳተች። ሌሎቹ ሴቶች የተሳሳተችውን እያነሱ መለሱላት፤ ደላላውም ቶሎ በሉ ማለቱን ተወ።

ስንለያይ እጄን ያዘችኝ። "መብራቷን እንዳትነቅዪ" አለችኝ። "አንድ ቀን ከሰካት፣ ማን ያይለታል?"

ይኸው አልነቀልኳትም። ልጄ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ አገኘች፣ የሞጆው ልጅ ነው ያስገባት። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች። አምስተኛዋ መብራት የሷ ናት። ከበሬ ወጥታ ሞጆ እስክትደርስ፣ አረንጓዴዋ እስክትበራ ድረስ ቁርስ አልበላም። እሷ ትቆጣኛለች፤ "እማዬ፣ ሞጆ እኮ ናት!" ትላለች። ሞጆም ብትሆን።

ከቸርች እህቶች አንዷ መጥታ "ጌታ የከፈተውን በር በአንቺ ፍርሃት ዘጋሽባት" አለችኝ። ቡና ቀዳሁላት። እሱ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ ደህና ነኝ ይላል። የሚጽፍበት ቀን እየተራራቀ ሄዷል። እኛም ደህና ነን፣ መብራቷ በርታለች እንለዋለን። በጻፈ ቁጥር መትረፉን አውቃለሁ፣ በዋሸ ቁጥር አለመውጣቱን አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የምኖረው።

ባለፈው የውሃ ቀን ጎረቤቴ ጀሪካኔን ልትመልስ መጣች፣ ያቺ በአጥሩ የምትጠራኝ። ልጇ ዓረብ አገር ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ጠፍቶባታል። ይሄንን ማንም አያነሳባትም። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ሳሎን ገብታ ጣውላው ፊት ቆመች። የጥጓን መብራት አየቻት፣ በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ደህና አድርጋ ታለቅስልኛለች፣ እኔም አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ሻሽዋን አጥብቃ እያሰረች ዞራ አየችኝ።

"ብቻሽን ስታያት ትውያለሽ፣ ዓይንሽን ልታጠፊው ነው" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት አንቺ እይ፣ ከሰዓት እኔ እመጣለሁ። ውሃውን በፈረቃ ስንጠብቅ አይደል የኖርነው? እሱንም በፈረቃ እንጠብቀዋለን።"